ናማሃጌን ግድግዳ ላይ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ! ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ከመካከላችሁ ጃፓን ለመሄድ ያሰባችሁ አላችሁ። ስለ ቶኪዮና ኪዮቶ ማንም ይነግራችኋል፤ እኔ ስለ ኦጋ ላውራችሁ።

ኦጋ ሰሜን ጃፓን፣ አኪታ ግዛት ውስጥ ያለ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ማታ የመንደሩ ወንዶች የሚያስፈራ ጭምብል አጥልቀው፣ የጭድ ልብስ ደርበው፣ የእንጨት ቢላዋ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ናማሃጌ ይባላሉ። «የሚያለቅስ ልጅ አለ? ሰነፍ አለ?» እያሉ ሲያጓሩ ልጁ እናቱ ጉያ ውስጥ ይሸጎጣል። ለዓይን ጭራቅ ናቸው። የአገሬው ሰው ግን ክፉውን አባርረው በረከት ይዘው የሚመጡ አማልክት ናቸው ብሎ ነው የሚቀበላቸው።

ኦጋ ውስጥ የናማሃጌ ሙዚየም አለ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን ያለው ሺንዛን ቤተ መቅደስ አጠገብ ነው። ከ150 በላይ ጭምብሎች ተደርድረው ያፈጡባችኋል። እያንዳንዱ መንደር የራሱን ፊት ነው የሠራው፤ ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ የሺንዛኖቹ ደግሞ ቀንድ እንኳ የላቸውም።

ግን እባካችሁ እዚያ ላይ አታብቁ። አጠገቡ የሣር ክዳን ያለው የድሮ ቤት አለ፤ እዚያ ሥርዓቱን ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። መጀመሪያ አንድ ሰው ገብቶ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሐዘን ያለበት ቤት አይገባምና። ከዚያ ናማሃጌዎቹ በሩን በርግደው ገብተው ወለሉን ሰባት ጊዜ በእግራቸው ይደልቃሉ፣ ቤቱ ሲናወጥ ይሰማችኋል። አባወራው ግን አይሸሽም። ማዕድ አቅርቦ፣ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ቀድቶ ያስቀምጣቸዋል። ናማሃጌው መዝገቡን ገልጦ የልጁን ጥፋት ያነባል፤ አያጠናም፣ ወላጆቹን አይሰማም ይላል፤ አባት ደግሞ «ኧረ የኛ ልጅ ጎበዝ ነው» ብሎ ይሟገትለታል።

እኔን የነካኝ ይሄ ነው። እኛ ልጅ ስናስፈራራ «አያ ጅቦ መጣልህ» ብለን እንተወዋለን፤ ጅቡ ቤት አይገባም፣ የሚከራከርለትም የለም። ኦጋ ላይ ግን ልጁ ያን ሁሉ ፈርቶ አባቱ ፊት ለፊት ቆሞ ሲሟገትለት ያያል። በልጅ ላይ ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክሩን ሳያዩ የፈረዱ ይመስለኛል።

ናማሃጌዎቹ ሲወጡ ከልብሳቸው የረገፈ ጭድ ይቀራል። ጭንቅላት ላይ ቢያስሩት ጤና ይሰጣል ይባላል።

ዩኔስኮ በ2018 ከሌሎች ዘጠኝ የጃፓን መሰል ሥርዓቶች ጋር መዝግቦታል። መመዝገቡ ግን ወጣት አይወልድም። ድሮ ጭምብሉን የሚያጠልቁት ያላገቡ ጎረምሶች ነበሩ፤ ዛሬ ወጣቱ ወደ ከተማ ስለሚሄድ ያገቡና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው የተሸከሙት፣ ያቆሙ መንደሮችም አሉ። ይሄ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ከአኪታ ከተማ ኦጋ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከጣቢያው ሺንዛን ድረስ መኪና ያስፈልጋችኋል። በብርዱ ወራት ሥርዓቱ የሚታይባቸው ቀናት ስለሚቀንሱ አስቀድማችሁ አጣሩ። ሙዚየሙንም ቤቱንም የሚያስገባ አንድ ትኬት አለ፤ እሱን ቁረጡ።