ከሮም ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም፦ የሙሶሊኒና የግራዚያኒ ቴሌግራሞች

ክቡራትና ክቡራን፤ ውድ ተማሪዎች፤

የየካቲት 12 ሰማዕታትን በምናስብበት በዚህ ሰሞን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ስለ ጣሉት ስለ አብርሃ ደቦጭና ስለ ሞገስ አስገዶም፣ ከእነርሱም በኋላ በሦስት ቀን ስላለቀው ሕዝብ ብዙ ሲነገር ሰምታችኋል። እኔ ለዛሬ የመረጥሁት የገዳዮቹን ጽሕፈት ቤት ነው። በሮም መንግሥትና አዲስ አበባ በተቀመጠው እንደራሴው መካከል የተመላለሱት ቴሌግራሞች፣ ግድያው የጥቂት ሰካራም ጥቁር ሸሚዞች (የፋሺስት ሚሊሻዎች) ድንገተኛ ቁጣ ነበር የሚለውን ማስተባበያ ያለ ሌላ ምስክር ያፈርሱታልና።

የ1928 ዓ.ም. ክረምት ከመግባቱ በፊት ማርሻል ባዶሊዮ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የንጉሠ ነገሥትነትን ማዕረግ አዲስ በጨመረው በጣሊያን ንጉሥ በቪክቶር ኢማኑኤል ስም አገሩን እንዲገዛ የተተካው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። የሙሶሊኒ ትእዛዝ የደረሰው ወንበሩ ሳይሞቅ ነው። ግንቦት 28 ቀን የተላከው ቴሌግራም የተማረኩ ዐመፀኞች ሁሉ በጥይት እንዲገደሉ ያዝዛል፤ ዐመፀኛ የተባለው፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ አርበኛው ነው። ሰኔ 1 ቀን ደግሞ እንደ አንኮበሩ ባለ ሁኔታ ዐመፀኞችን ለመጨረስ በጋዝ እንዲጠቀም ተነገረው። በወሩ፣ ሐምሌ 1 ቀን፣ ሙሶሊኒ በዐመፀኞችና ተባባሪ በሆነው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲን በሥርዓት እንዲጀምርና እንዲያካሂድ «አሁንም በድጋሚ» እንደሚፈቅድለት ጻፈ፤ ስለ አንዱ ዐሥር ካልተበቀሉ ቁስሉ በጊዜው እንደማይድን ከነገረው በኋላም ማረጋገጫ እንደሚጠብቅ አስታወቀው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ማረጋገጫ የሚጠይቅ አለቃ የሚያዝዘውን ያውቃል፤ መፈጸሙንም በጽሑፍ ማየት ይፈልጋል። ከቦምቡ በሁለተኛው ቀን፣ የካቲት 14 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ ከታሰሩት አንድም ሰው ያለ እርሱ ትእዛዝ እንዳይለቀቅ፣ በማናቸውም መንገድ የተጠረጠሩ ሲቪሎችና የሃይማኖት ሰዎችም ሁሉ ሳይዘገይ እንዲገደሉ ሲያዝዝ፣ ያንኑ ማረጋገጫ ዳግመኛ ጠየቀ። ስለዚህ የአዲስ አበባው ደም ለሮም ሹማምንት ዘግይቶ የደረሰ ወሬ ነበር ብሎ መከራከር አይቻልም።

ይሁንና ግራዚያኒ እጁ ታስሮ የታዘዘውን ብቻ የፈጸመ ወታደር አልነበረም። በዚያው ዓመት አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና መጪውን እናውቃለን ባዮችን ሕዝብ ያውካሉ በሚል ሰብስቦ እንዲገደሉ ማዘዙን፣ እስከዚያ ዕለትም 70 መገደላቸውን ለሮም ያስታወቀው ራሱ ነው። ግንቦት 11 ቀን ደግሞ ለጄኔራል ማሌቲ ባስተላለፈው ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ምክትል አበምኔቱ ሳይቀሩ ያለ ልዩነት እንዲገደሉ አደረገ። ኋላም የካህናቱን ሁሉ አንጀት ያራደ እርምጃ ለመውሰድ የሚያበቃ ጽናት ስለነበረው ሊኮራ እንደሚገባው ጽፏል። ታዛዥ ብቻ የሆነ ሰው እንዲህ አይጽፍም።

ተማሪዎች ሆይ፣ እነዚህን ወረቀቶች ስታነቡ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። የመንግሥት ደብዳቤ ጸሐፊው አለቃው እንዲያውቅለት የፈለገውን ይዟል እንጂ የሆነውን ሁሉ አልያዘም። በደብረ ሊባኖስ ጉዳይ ወደ ሮም የተላለፈው ሒሳብ 297 መነኮሳትን፣ ተባባሪ የተባሉ 23 ሰዎችን፣ ጥቂት ቀናት ቆይቶም 129 ዲያቆናትን፣ በድምሩ 449 ሟቾችን ይቆጥራል። ከዐሥርት ዓመታት በኋላ በአካባቢው በሕይወት የተገኙ ምስክሮችን ያነጋገሩ ተመራማሪዎች ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 ድረስ ገምተውታል። ቴሌግራሙ ትእዛዙን ማን እንደ ሰጠ ለማረጋገጥ ጽኑ ማስረጃ ነው፤ ሬሳ ለመቁጠር ግን አይታመንም።

የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ይህን ልዩነት የተረዳ ይመስለኛል። ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ያቀረባቸውን ሰነዶች የፍርድ ሚኒስቴር በሁለት ቅጽ ሲያሳትም፣ በአንደኛው የጣሊያኖቹን ቴሌግራሞችና ሰርኩላሮች፣ በሁለተኛው ደግሞ የምስክሮችን የመሐላ ቃል አቀረበ። ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ1948 ከቀረቡት 10 ሰዎች መካከል በ8ቱ ላይ ለክስ የሚበቃ ማስረጃ መኖሩን ተቀበለ፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። አንዳቸውም ግን ለፍርድ ወደ ኢትዮጵያ አልተላኩም። ግራዚያኒን የጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 በ19 ዓመት እስራት የቀጣው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ሲሆን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈትቷል። ስለ የካቲት 12ም ሆነ ስለ ደብረ ሊባኖስ በችሎት ፊት ቆሞ አንድም ቀን አልተጠየቀም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።