ካቻቪቴ የማይገባበት ዕቃ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛችሁ አጠገብ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በዚህ የተማሪዎች የፈጠራ ውድድር ላይ ስለ ፈጠራ ንገረን ተብዬ ነው የመጣሁት። ከብዙዎቻችሁ ጋር የምንተዋወቀው ጥገና ሱቄ ውስጥ ነው። ቴፑን፣ ፍሪጁን፣ ስልኩን ይዛችሁ መጥታችኋል። እኔም የማወራው የማውቀውን ነው።

ሐዋሳ ተወልዶ ጭማቂ ቤት የማያውቅ የለም። አቮካዶው ተፈጭቶ ከማንጎው ጋር ይደረደራል፤ ሎሚውን ልጅቷ በእጇ ጨመቅ ታደርግበታለች። አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ደግሞ ጁሴሮ የሚባል ድርጅት ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ የጭማቂ ማሽን በ699 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ባለሀብቶች ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር አፍስሰውበታል። ማሽኑ ማንጎ ብትሰጡት አይቀበልም። የሚጨምቀው ድርጅቱ ራሱ ከትፎ በከረጢት ያሸገውን ብቻ ነው። የከረጢቱን ኮድ ያነባል። ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም። ጭማቂ ለመጠጣት ዋይፋይ!

በ2017 ብሉምበርግ የሚባለው የዜና ድርጅት ጋዜጠኞች ከረጢቱን በእጃቸው ጨመቁት። ያው ጭማቂ ወጣ። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ተዘጋ። የሠሩት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ማሽኑን ፈተው ያዩ ባለሙያዎች ጥንካሬውን አድንቀዋል። ያን ሁሉ ገንዘብ ሲያወጡ «በእጅስ አይጨመቅም ወይ?» የሚል አንድ ሰው ጠፋ።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን በባጃጅ ጭነው መጡ። የገዙበት ሱቅ «አይጠገንም እማማ፣ አዲስ ይግዙ» ብሏቸዋል። ገለበጥኩት። የሥሩ ቆርቆሮ ብሎን የለውም፤ በሪቬት፣ በማይፈታ ምስማር፣ ተደፍኗል። ሪቬቱን በትራፓኖ ሰርስሬ አወጣሁት። ሽቦው በሸክላው ቦይ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ፣ የጥፍሬን ታህል ተቃጥሎ ተበጥሷል። በቃ። ጫፍና ጫፉን አገናኝቼ፣ አጥብቄ፣ ሰካሁት። ትንሽ ቆይቶ የጎመን ዘር ሽታው መጣ። እሳቸው ከምጣዱ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ታዲያ ለምን አይጠገንም አሉኝ ልጄ?» አሉ።

ልመልስላቸው። ሠሪው እንዳይፈታ አድርጎ ስለሠራው ነው! ይህ ዛሬ የመጣ አመል አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ትላልቅ አምፖል አምራቾች ፌበስ በሚባል ማኅበር ተስማምተው የአምፖልን ዕድሜ ወደ 1,000 ሰዓት አወረዱት። ከዚያ በላይ የሚበራ አምፖል የሠራ አባል ይቀጣ ነበር። የተማረ መሐንዲስ ቁጭ ብሎ ዕቃው ቶሎ እንዲሞት ሲለፋ አስቡት! ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሊቨርሞር በምትባል ከተማ፣ በእሳት አደጋ ጣቢያ ከ1901 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚበራ አምፖል አለ። ብርሃኑ ደብዛዛ ነው። ግን እስከ ዛሬ አለ።

የእናንተም ስልክ እንደዚያው ነው። ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፏል። ድሮ በጥፍራችን ከፍተን የምንቀይረውን ዛሬ በሙቀት አየር እያለሰለስኩ፣ ስክሪኑ እንዳይሰነጠቅ ትንፋሼን ይዤ ነው የማወጣው። ያን ድካም ደንበኛው ይከፍላል። ለምን ይክፈል? አውሮፓውያን እንኳ ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባትሪውን ተጠቃሚው ራሱ ማውጣት እንዲችል የሚያዝ ሕግ አውጥተዋል።

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ሂዱና እዩ። ዓሣ አጥማጁ መረቡ ሲቀደድ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይሰፋዋል። «ጣለውና አዲስ ግዛ» በሉት እስቲ። አበዱ እንዴ ይላችኋል።

ዛሬ ጠረጴዛችሁ ላይ ጥሩ ጥሩ ነገር አይቻለሁ። ዋጋውንና ገበያውን ሌሎች ይነግሯችኋል። እኔ ዳኞቹን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ሽልማት ከመስጠታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ተማሪ ካቻቪቴ ስጡትና ሥራውን ፊታችሁ ፈትቶ ይግጠመው። ካቻቪቴ ከጠፋ፣ ይኸው ሦስት ይዤ መጥቻለሁ።

አመሰግናለሁ።