ለአንባቢ ሥራ የሚተው ድርሰት፤ በንባብ ክበባችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ ወላጆችና እንግዶች፤ እንኳን ለ10ኛ ዓመታችን አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ምናባዊ ልቦለድ ለምን ይወደዳል?» የሚል ነው። በፈቃዳቸው ትንሽ ላጥብበው። መወደድማ ብዙ መጽሐፍ ይወደዳል፤ ተነቦና ተመስግኖ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እኔን የሚገርመኝ፣ አንዳንዱ ድርሰት ደራሲው ካረፈ ከ50 ዓመት በኋላም አንባቢዎቹን እያሰባሰበ፣ እያከራከረና እያሠራ መኖሩ ነው። ምክንያቱ ዘንዶውና አስማቱ ነው እንዳይባል፣ ዘንዶና አስማት ሞልቶባቸው በዓመታቸው የተረሱ መጻሕፍት ቁጥር ስፍር የላቸውም። እኔ የማምነው የሚሰነብተው ለአንባቢው ሥራ የተወለት ድርሰት መሆኑን ነው።

እንግሊዛዊውን ደራሲና የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቶልኪንን እንውሰድ። «የቀለበቶቹ ጌታ» በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ሲታተም፣ በመጨረሻው ቅጽ ከታሪኩ ማብቂያ በኋላ የዘር ሐረግ፣ የዘመን አቆጣጠርና የፊደል ገበታ ተያይዞ ነበር። ከፊደሎቹ አንዱ አናባቢውን በተነባቢው ራስ ላይ በምልክት የሚያኖር ስለሆነ፣ ካዕብና ሣልስ ቆጥሮ ላደገ ልጅ እንግዳ አይሆንበትም፤ ስሙን በዚያ ፊደል ደብተሩ ሽፋን ላይ ያልሞከረ አባል ካለ እጁን ያውጣ። ፕሮፌሰሩ ይህን ሁሉ አሟልተው ሳለ ሌላውን ሆን ብለው ክፍት ተዉት። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነው ቶም ቦምባዲል ማን እንደ ሆነ አልነገሩንም፤ እንቆቅልሽ እንዲሆን ያሰቡት መሆኑን ግን በደብዳቤ ጽፈዋል። ባልሮግ የተባለውን የእሳትና የጥላ ጭራቅ የክንፍ ነገርማ ታውቁታላችሁ። ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ድልድዩ ላይ ሲገጥመው በዙሪያው ያለው ጥላ እንደ ሁለት ሰፋፊ ክንፎች ተዘረጋ ይላል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ክንፎቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘረጉ ይላል። በፊት ምሳሌ የነበረው ኋላ አካል የሆነ ይመስላል። በዚህ የተነሣ አንባቢዎች ለሁለት ተከፍለው ዛሬም ይሟገታሉ፤ እኛም ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ተሟግተንበታል።

እንዲህ ያለ አንባቢ ገዢ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ለድርሰቱ ዘብ ይቆማል። በ1965 ኤስ ቡክስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ የቅጂ መብት ክፍተት አገኘሁ ብሎ፣ ሦስቱን ቅጾች ያለ ደራሲው ፈቃድ በስስ ሽፋን አትሞ እያንዳንዱን በ75 ሳንቲም መቸብቸብ ጀመረ። ለደራሲው ቤሳ ቤስቲን አልከፈለም። ሽማግሌው ፕሮፌሰር ምን አደረጉ? ከአሜሪካ ለሚጽፉላቸው አንባቢዎች በሚልኩት መልስ ላይ፣ ያ እትም ሳይፈቅዱ የወጣ መሆኑን እየጨመሩ ይነግሯቸው ጀመር። በዚያው ዓመት ባላንታይን በተባለ ሌላ አሳታሚ በኩል የወጣው ሕጋዊ እትም ዋጋው 95 ሳንቲም ነበር፤ ጀርባው ላይም፣ በሕይወት ላለ ደራሲ ቢያንስ ጨዋነት ይገባዋል የሚል ሰው ይህን እንጂ ሌላውን እንደማይገዛ የሚገልጽ የደራሲው ቃል ሰፍሮበታል። ያኔ 20 ሳንቲም ለተማሪ ኪስ ቀላል አልነበረም። አንባቢዎቹ ግን ወሬውን እየተቀባበሉ አዳረሱት፣ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ውዱ እትም ርካሹን በሽያጭ በለጠው፤ በ1966 ኤስ ቡክስ የደራሲውን ድርሻ ሊከፍልና ዳግመኛ ላያትም ተስማማ። ይህን ያደረጉት በፊደል ገበታውና በዘር ሐረጉ ላይ ያመሹ ሰዎች ናቸው።

ከ35 ዓመት በኋላ የሆነውን ደግሞ አስተያዩት። የሃሪ ፖተርን የፊልም መብት የያዘው ዋርነር ብራዘርስ በሃሪ ስም ድረ ገጽ ለከፈቱ አንባቢዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ። ከተቀባዮቹ አንዷ የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ነበረች። የወደደችውን መጽሐፍ ለሌላው ላሳይ ያለች ልጅ፣ እንደ ሌባ ደብዳቤ ይጻፍባት! የማን ድካም ነው ያንን መጽሐፍ ከቤት ቤት ያዞረው? ልጆቹ አልተበተኑም፤ የፊልሙን ሸቀጥ አንገዛም ብለው አደሙ፣ ኩባንያውም አፈገፈገ።

ስለ እንግሊዛዊው የምናባዊ ልቦለድ ደራሲ ስለ ቴሪ ፕራቼት ብዙ አልልም። በ2015 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ አንባቢዎቻቸው ከመጽሐፋቸው በወሰዱት የመልእክት ምልክት ስማቸውን በድረ ገጾች ስውር ኮድ ውስጥ ማኖር ጀመሩ። የእንግሊዟ ዊንካንተንም ከመጽሐፎቻቸው ምናባዊ ከተማ ከአንክ-ሞርፖርክ ጋር እህት ከተማ ተባብላለች።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችን ባለፈው ዓመት አንባቢ ከወደደው ድርሰት ተነሥቶ የጻፈውን ተቀጥላ ታሪክ የሚያወጣውን፣ «ቅጥያ» የተባለውን የመጽሔታችንን ዓምድ፣ የራስ ፈጠራ አይደለም በሚል ሰርዞታል። ቶልኪን በዘመን ሰንጠረዡ ውስጥ፣ ከታሪኩ ጀግኖች አንዱ የሆነው ሳም የጉዟቸው ታሪክ የተጻፈበትን ቀዩን መጽሐፍ ለልጁ ለኤላኖር ሰጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ መሄዱን ባጭሩ ብቻ ጠቁመው ያልፋሉ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አባላችን ያችን ጥቆማ ይዛ፣ ኤላኖር መጽሐፉን የተቀበለችበትን ምሽት ስምንት ገጽ አድርጋ ጻፈችው። ተመለሰላት! ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ስብሰባችን ላይ አልታየችም፤ እኛ ግን አባላት ለምን ቀነሱ እያልን ሪፖርት እንጽፋለን። በበጎ ፈቃደኞችና በመዋጮ ብቻ የቆመው፣ አንባቢዎች የጻፉትን ቅጥያ የሚያኖረው «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» የተባለው የአሜሪካኖቹ የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት በ2019 እ.ኤ.አ. ሁጎ የተባለውን የምናባዊና የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት ሲወስድ ከዚሁ መድረክ ያጨበጨብን እኛው ነበርን። መጽሔታችን አይሸጥም፣ ማንም ከእርሱ ሳንቲም አያገኝም፤ ታዲያ የፈራነው ማንን ነው?

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሚካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔው እንዲሻርና ዓምዱ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ እንዲመለስ ሐሳብ አቀርባለሁ። የምትደግፉኝ አባላት በሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ ፈርሙልኝ። የተማሪዋን ስምንት ገጽም አባዝቼ አምጥቻለሁ፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አንብቡት። አመሰግናለሁ።