የ50 ሳንቲሟ ነገር

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ ወላጆች፣ የዛሬ ተመራቂ ግንበኞች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ፤ በድሬ ሙቀት እሱም ይበዛል። እኔ የመጣሁት ስለ ጉድጓድ ላወራ ነው።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ የዕቃ ማከማቻ ሼድ ስንሠራ የምሰሶው ጉድጓድ ሜትር ከ50 ነበር። ባለቤቱ መጣና "አቦ፣ ሜትር ይበቃል! ይልቅ ሲሚንቶ ጨምሩበት" አለ። ፎርማኑ እኔ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ፤ በሜትር ተተከለ። ያወጣነውን አሸዋ መልሰን በእግራችን ረገጥ ረገጥ አደረግነው። ቆርቆሮው ከለበሰ በኋላ አንድ ከሰዓት ነፋስ ተነሳ። በማግስቱ ቱንቢ ብጥል ምሰሶው ዘሟል። ሥሩ ላይ፣ ነፋሱ በመጣበት በኩል፣ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ክፍተት፤ እጄን ብሰድ እስከ አንጓዬ ገባ። አርማታው ጫፉ እንኳ አልተሰነጠቀም። የለቀቀን አፈሩ ነው! ባለቤቱ ግን እስከ ዛሬ ነፋሱን ይረግማል።

ከጎን የተገፋ ምሰሶ መሬት ውስጥ እንደ ዲጂኖ ነው። ላዩ አፈሩን ወደፊት ይገፋል፣ ጫፉ ወደኋላ ይረግጣል። አሸዋ ደግሞ የመያዝ አቅሙ ወደታች በወረዳችሁ ቁጥር ይጨምራል። ግፊቱ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ቢያርፍ፣ ምሰሶው ራሱ እስካልተሰበረ ድረስ፣ ከ1 ሜትር ወደ ሜትር ከ50 መውረድ አቅሙን 3 እጥፍ ያደርገዋል። የአርማታውን ስፋት እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት 2 እጥፍ ብቻ ነው። ታዲያ ሲሚንቶውን ለምን እናባክናለን? ጉድጓድ ስለማይታይ አይደል? ባለሀብቱ የሚታይ ነገር ይወዳል፣ እኛም እናጨበጭባለን!

የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ለድሬ ሰው አልነግርም። ጎርፉ ከላይ 50 ሳንቲም አሸዋ ጠርጎ ቢሄድ፣ ሜትር ከ50 የወረደ ምሰሶ ከአቅሙ ሲሶው እንኳ አይቀርለትም። ወንዝ ዳር የምትተክሉ፣ ጥልቀቱን መለካት የምትጀምሩት ጎርፉ ከሚተወው መሬት ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ወደ ጉድጓዱ የምትመልሱትን አፈር በ20 ሳንቲም ንጣፍ እያረጠባችሁ ጠቅጥቁ። ምሰሶውን ግጥም አድርጎ የያዘ የወለል አርማታ ካለ ጥልቀቱ ሊቀንስ ይችላል፤ እሱን መሐንዲሱ ያስላው።

አሁን ይህን የተቀመጥንበትን ዳስ ስገባ ቋሚውን ነቅነቅ አድርጌው ነበር። የተከለው ልጅ እዚህ ካለ፣ ከምሳ በፊት ዲጂኖውን ይዞ ይጠብቀኝ።