ግድግዳችን ላይ ያለው ቀይ ቀለም

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ጎረቤቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ፣ አካም ጅርቱ።

ከባድ መኪና ጅማ መሃል ሳይገባ በዳር እንዲያልፍ ስለታሰበው ማለፊያ መንገድ ታሪክ ተናገሪ ተብዬ ነው የመጣሁት። ታሪኩ ከሂርማታ ይጀምራል። በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ከታች ሂርማታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የከፋው፣ የሊሙው ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ ይመጣል። ከ1928 እስከ 1933 ጣሊያን ሲቀመጥ ከተማውን በዚያው በገበያው ዙሪያ አሰፋው። ዛሬ የቦንጋውም የአጋሮውም መንገድ እዚሁ ይገናኛል። ከሚዛን ቡና የጫነ ተሳቢ አዲስ አበባ ለመድረስ ገና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ከባጃጅና ከአህያ ጋር ይጋፋል። ማለፊያው ያስፈልገናል። ይሠራ!

ግን የእኛን ቤት ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ሳለሁ ሦስት ወጣቶች መጡ። አንዱ ችካል፣ አንዱ ሜትር፣ አንዱ ቀይ ቀለም ይዟል። እናቴ ቡና አፈላችላቸው። አቦሉን ጠጡ። ቶናው ሳይደርስ ተነስተው ጓሮ ውስጥ ችካል ተከሉ፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ኤክስ አደረጉ።

«መቼ ነው?» አለች እናቴ።

«በቅርቡ» አሏት።

ያ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ጣራው ሲያፈስ የማደሻ ፈቃድ ጠየቅን፤ «ቤቱ መንገድ ላይ ነው» ተባልን። ብድር ስንጠይቅም ያው ነው። ካሳ ስንል ግን «ገና አልተወሰነም»። እንዳናድስ ተወስኗል፣ እንዲከፈለን አልተወሰነም! እናቴ ክረምት ክረምት አልጋዋ ሥር ባልዲ አስቀምጣ እየተኛች ነው ያለፈችው። በኋላ መስመሩ ተቀየረ የሚል ወሬ ሰማን። ቀለሙን ሊፍቅ የመጣ ሰው የለም። ችካሉን ምስጥ በልቶታል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ካሳ በቅድሚያ ይከፈል ይላል። በቅድሚያ! እኛ በቅድሚያ ያገኘነው ቀለም ነው።

ሌላው ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ነው። ድልድዩና የጎርፍ መውረጃው ከመንገዱ ጋር አብሮ ይታሰብ። የመንገዱ ወሰንም ከአሁኑ ይከበር፤ አለዚያ ማለፊያው ዳር ሱቅ በሱቅ ይሆንና ሌላ ማለፊያ ያስፈልገናል።

እዚህ የተቀመጣችሁ ኃላፊዎች፣ መስመሩ የሚነካቸው ቤቶች ዝርዝር ቀበሌው በር ላይ የሚለጠፍበትን ቀን አሁን ንገሩን። ደብተር ይዣለሁ፤ እጽፈዋለሁ።