ወደ ግራ የተመለሰችው ጣት

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራችሁ ነበር። ተውኩት። ያቺ ጣት ከፊቴ አልሄድ አለችኝ።

የዶክተሯ ጣት ማለቴ ነው። ሽማግሌው የምንለውን የእህቴን ልጅ ይዘን ከኮምቦልቻ ደሴ ወጣን። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር፤ እሱ ግን ባርኔጣዬን አላወልቅም አለ። ስድስት ዓመቱ ነው፣ "ፀሐይ ትወጋኛለች" ይላል።

ዶክተሯ የዓይኑ ነጭ ላይ ያለችውን ሮዝ እብጠት አየች። ከዚያ መብራቱን አጠፋችና ሁለት ጣቶቿን ከጆሮዎቹ ፊት አሳረፈች። ዳበሰች። ወደ መንጋጋው ሥር ወረደች። ከዚያ ወደ ግራው ተመለሰች። ሽማግሌው "ዶክተር፣ ያመመኝ ዓይኔን ነው እኮ" አላት። "አውቃለሁ የኔ ጌታ" አለችው። ጣቷን ግን አላነሳችም።

ለምን ወደ ግራ ተመለሰች?

በኋላ ነው የገባኝ። በዓይን ስስ ሽፋን ላይ የሚወጣ ካንሰር ሲዛመት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ከጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ ሥር፣ አንገት ላይ ያሉት ዕጢዎች ውስጥ። ብብት ላይ ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው ማለት ነው። ሜላኖማ የሚባለው ዓይነት ሳንባና ጉበት ድረስም ሊሄድ ይችላል። ግን ንፍፊት በጉንፋንም ያብጣል። ይህንንም ራሷ ናት የነገረችን።

ይህ ካንሰር በልጅ ላይ ከስንት አንዴ ነው የሚታየው። ሲታይ የኤች አይ ቪ ምርመራ ይታዘዛል፤ እህቴ ያኔ ነው የደነገጠችው። ቆዳም ይታያል። ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም የሚባል፣ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ በሽታ አለ። ፀሐይ የጎዳችውን ሰውነት መጠገን ያቅተዋል። እና ጉንጩ ላይ ያለው ጠቃጠቆ... "ሲያምርበት" እያልን ስንስመው የኖርነው...

ደሴ ብርድ ነው ብለን ፀሐይዋን እንንቃታለን አይደል? ከተማው 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይዋ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጉምም ሁሉንም አያስቀረውም። እኔ ደግሞ ስንቴ "ባርኔጣህን አውልቀህ ትልልቅ ሰዎችን ሰላም በል" ብዬዋለሁ።

አለርጂ ነው ተብሎ ለወራት ጠብታ ተጨምሮለታል። የልጅ ዓይን ሲቀላ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። አይ፣ እወቅሳለሁ። የቀላው አንዱ ብቻ ነበር። አንዱ ብቻ! እኛም አይተን ዝም አልን።

ናሙናው ተወስዷል፣ ውጤቱ ገና ነው። እናቴ ቡና እየቀዳች "አብሽሪ" ትለኛለች። ማታ ሽማግሌው ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እጄን ቀስ ብዬ ከጆሮው ፊት አሳረፍኩ። ምስር የምታክል ነገር... ወይ እኔ ስለፈለግኳት ይሆናል። ቀኙንም ነካሁት። ከዚያ ወደ ግራው...

ቆይ፣ ተነሥቷል መሰለኝ፣ እየጠራኝ ነው።