ጋዜጣውን ለበርበሬ መጠቅለያ አትስጡብኝ

እንደምን ዋላችሁ ጎንደሮች! ስለ ንባብ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ግን እኔን እዚህ ያመጣኝ ሌላ ነገር ነው፤ አሮጌ ጋዜጣ።

ቅድመ አያቴን ቤተሰባችን የሚያውቀው በፈረስ ስሙ ብቻ ነበር። አባቱ ማን እንደሆነ እንኳ ተረስቷል። ወሬው ግን ሁሌ አንድ ነው፦ ቁልቋል በር ላይ፣ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት፣ በ1934 የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከአርበኞች ጋር ወደቀ። እስቲ በዚህ አገር ቁልቋል በር ላይ ያልወደቀ አያት ያለው ሰው እጁን ያውጣ!

ታዲያ ቆላድባ አንዲት አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብያለሁ። ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ ነው፣ ያውም በዱቄት ሙጫ፣ ታስታውሱታላችሁ መቼም። ሦስተኛው እስኪፈላ ግድግዳ ሳነብ አንዲት ማስታወቂያ አገኘሁ፤ ማኅተም ጠፍቶብኛል፣ ያገኘ ይመልስልኝ ትላለች። ስም ከነአባት፣ ማዕረግ፣ የፈረስ ስም፣ ቀበሌው ሳይቀር። እሱ ነው! ስሙን እዚህ አልጠራውም፤ መሬት የሚካሰሱ ዘመዶቼ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።

የገጹ ራስ ተቀዷል፣ ቀን የለውም። እዚሁ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት የተጠረዘ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ነበረ ብለውኝ ሄድኩ። «ቦታ አጣበበብን፣ በኪሎ ሸጥነው» አሉኝ። በኪሎ! የፋሲል ግንብ አንድ ድንጋይ ቢወድቅ አገር ይጮሃል፣ መጮህም አለበት። የአባቶቻችን ስም የታተመበት ወረቀት ቆሎ ሲጠቀለልበት ግን ማን ጮኸ? ፈራሚው ማነው? ተቆጪስ የለም?

በመጨረሻ አዲስ አበባ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ገብቼ ጥራዝ ሳገላብጥ ያቺኑ ገጽ አገኘኋት። ዓመተ ምሕረቷ ከቁልቋል በር ጦርነት በኋላ ነው። ሰውየው በሕይወት አለ፣ ማኅተሙን ይፈልጋል! አክስቶቼ ይህን ስነግራቸው አኮረፉኝ፣ አሁንም እንዳኮረፉ ናቸው። እኔ ግን ከወደቀው ይልቅ ማኅተም የጠፋበትን ወደድኩት፤ ሰው ሰው ይሸታል።

ፍለጋ ለምትጀምሩ ባጭሩ። አዲስ ዘመን የወጣው ግንቦት 30 ቀን 1933 ነው። ጎንደር ያኔ ገና በጣሊያን እጅ ናት፣ ነጻ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የእኛን ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ዜናውን ተዉት፣ ማስታወቂያውን እዩ፦ የጠፋ ማኅተም፣ የውርስ ጥሪ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ። ሰው ስሙን ከነአባቱ የሚጽፈው እዚያ ነው። ደግሞ አንዱ ኃይሉ ይላል፣ ሌላው ሀይሉ፤ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን እንዳታልፉት።

ስለ ፎቶግራፍና ስለ አዛውንቶች ቃልም ጽፌ ነበር፤ ሰዓት ሄዷል፣ ይቅር።

ብቻ ቆጥ ላይ፣ ሳጥን ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ያላችሁ አትሽጡት። መሸጥ ካለባችሁም ባለሱቁ በኪሎ ስንት እንደሚከፍላችሁ ንገሩኝ፣ እኔ ጨምሬ እገዛለሁ። ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ታገኙኛላችሁ።